«ቀስቅሰሽው ነው» የሚሉት ፕሮፌሰር ቲማፓያ

የሰው ደስታ ላይ ቀዝቃዛ ውሃ የሚቸልስ አንድ ሰው የሌለበት መሥሪያ ቤት በዓለም ላይ የለም። ልጄ ተመረቀ ስትሉት «ሥራስ አገኘ?» ይላል። ቤት ሠራሁ ስትሉት «ጣሪያው አያፈስም?» ይላል። እነዚህን ሰዎች አንድ የማይታወቅ ቢሮ ተቀምጦ ለየመሥሪያ ቤቱ እኩል እያካፈለ የሚልካቸው ይመስለኛል። ለእኛ የፊዚክስ ተቋም የደረሱን ግን ተራ ውሃ ቸላሽ አይደሉም። ክቡር ፕሮፌሰር ቲማፓያ ይባላሉ። ስማቸውን ስጽፍ እስከ ዛሬ ብዕሬ ወረቀቱን ይበሳል፤ በንዴት።

ንዴቴ እንዲገባችሁ ሥራችንን ልንገራችሁ። እዚህ በሕንዷ ቤንጋሉሩ ከተማ፣ አንድ ትልቅ የብረት በርሜል ውስጥ፣ ከሰማይ ጥግ በባሰ ብርድ፣ ከፀጉር ውፍረት መቶ ጊዜ የምትቀጥን መንገድ እናስቀምጥና ኤሌክትሮን እናሳልፍባታለን። መንገዷ ከአቶም በጣም ትበልጣለች፣ ዓይን ከሚያየው ደግሞ በጣም ታንሳለች። መካከለኛ ናት፤ የመካከለኛ ሰው ጣጣ ሁሉ አለባት። ሁለት ነገር ልትጠይቋት ትችላላችሁ። አንደኛው፣ አርፋ ስትቀመጥ ምን ዓይነት ናት የሚለው ነው፤ ለዚህ እጅግ ትንሽ ቮልቴጅ ሰጥታችሁ ምን ያህል እንደምታሳልፍ ትለካላችሁ። ሁለተኛው፣ ጠንክረው ሲገፏት ምን ታደርጋለች የሚለው ነው። ሁለቱ መልሶች አንድ አይደሉም። የተኛ ሰውና ከእንቅልፉ ተቀስቅሶ የተቆጣ ሰው አንድ ናቸው የሚል ካለ ባሌን መጥቶ ይይ።

ፕሮፌሰር ቲማፓያ የሚያምኑት በመጀመሪያው ብቻ ነው። ለእሳቸው ነገር ሁሉ እውነተኛ ባሕርይው የሚታወቀው ሲያርፍ ነው፤ የተገፋ ነገር የሚሰጠው ቃል በዱላ የተገኘ ቃል ነው። ስለዚህ ሠላሳ አንድ ዓመት ሙሉ፣ ተማሪ አዲስ ግራፍ ይዞ እየሮጠ ሲመጣ፣ መነጽራቸውን ወደ አፍንጫቸው ጫፍ አውርደው፣ ራሳቸውን ግራ ቀኝ ወዝወዝ አድርገው አንዲት ቃል ይናገራሉ። «ቀስቅሰኸው ነው።» ለሴት ከሆነ «ቀስቅሰሽው ነው።» ከዚያ በኋላ ያ ተማሪ ሳምንት እህል አይበላም።

ይህን ፍልስፍናቸውን ቤተ ሙከራ ውስጥ ትተው ቢሄዱ ምንም አልነበረም። ሻይ ሲቀርብላቸው አይነኩትም። ብርጭቆው ከክፍሉ ጋር እስኪታረቅ ድረስ ከፊታቸው አስቀምጠው ያዩታል። ትኩስ ሻይ «ገና የሚያወራ ሻይ» ነው። የካፌው ሰው ሠላሳ አንድ ዓመት እያፈላ ሲያቀርብላቸው ኖሮ አንድ ቀን እንኳ ሲሞቅ አልቀመሱለትም፤ ሰውየው በዚህ ምክንያት ጨጓራውን ይታመማል ይባላል። ስኩተራቸውን ሲነዱ ደግሞ ጥሩምባ አይነፉም። በቤንጋሉሩ መንገድ፣ ጥሩምባ ሳይነፉ! ለምን ብዬ ብጠይቃቸው «ጥሩምባ ነፍቼበት ዞር ያለልኝ ሰው ጨዋ ይሁን ፈሪ በምን አውቃለሁ?» አሉኝ። ስለ ጨዋነቱ የጠየቃቸው የለም። ከኋላቸው ሁለት መቶ መኪና ቆሞ ይራገማል።

አንድ ጊዜማ የእህታቸውን ልጅ ሊያገባ የታሰበውን ወጣት እንዲያዩ ወደ ቤተሰቦቹ ተላኩ። የልጁ እናት ኡፒቱ የሚባለውን ቅመም የገባበት ገንፎ ሠርታ፣ ጣፋጭ ደርድራ ጠበቀች። ክቡርነታቸው ገብተው ተቀመጡና ሦስት ሰዓት ሙሉ አንድ ቃል አልተነፈሱም። እናትየዋ ሳህን እየሞላች ታቀርባለች፣ እሳቸው ልጁን ያያሉ። በመጨረሻ ግራ ገብቷት አብሯቸው የሄደውን ዘመድ በጆሮው «ዲዳ ናቸው እንዴ?» አለችው። ቤት ተመልሰው እህታቸው ልጁ እንዴት ነው ብትላቸው፣ «ብጠይቀውማ ጥሩ ጥሩውን ይመልስልኝ ነበር። ዝም ስለው በአርባኛው ደቂቃ ስልኩን አውጥቶ የራሱን ፎቶ ያይ ጀመር። ልጁ ያ ነው» አሉ። ጋብቻው ቀረ። ያ ልጅ በኋላ ሌላዋን አግብቶ ምን እንዳደረጋት አልናገርም። ፕሮፌሰሩን ልክ የሚያደርግ ወሬ ከእኔ አፍ አይወጣም።

ይህን ሁሉ ከሌሎቹ ጋር እየሳቅሁ ላሳልፈው እችል ነበር፣ በእኔ ባይመጡብኝ።

አራተኛ ዓመቴ ነበር። በአዩዳ ፑጃ በዓል ዕለት እኛ ዘንድ መሣሪያ ያለው ሁሉ መሣሪያውን ያጥባል፣ ቀይ ዱቄት ይቀባዋል፣ አበባ ያለብሰዋል፣ ስላገለገለው ያመሰግነዋል። ሹፌር አውቶቡሱን፣ አናጺ መጋዙን፣ እኛ ደግሞ ያቺን በርሜል ማቀዝቀዣችንን። ለሰው የሌለው ፍቅር ለማሽን ያለው ቴክኒሻናችን ሙኒራጁ በዚያ ዓመት አበባው አልበቃው ብሎ፣ ቀይና አረንጓዴ የሚርገበገቡ ጥቃቅን መብራቶች በገመድ ገዝቶ መጣ። መለኪያዎቻችን የተደረደሩበትን መደርደሪያ ዙሪያውን ጠመጠመበትና ማቀዝቀዣዋን እያየ «እናታችን ዘንድሮ ሙሽራ ናት» አለ።

በማግስቱ ሥራ ስጀምር ተአምር አየሁ። መንገዷን በእርጋታ ከገፏት፣ በርሜሉ ውስጥ ያለው ማግኔት ወደ ላይም ይዙር ወደ ታች የምታሳልፈው እኩል ነው፤ ግራፉ ላይ ሁለቱ መስመሮች አንዱ በሌላው ላይ ይተኛሉ። ይህ ሕግ ነው። ጠንክረው ሲገፏት ግን ኤሌክትሮኖቹ እርስ በርስ መገፋፋት ይጀምራሉና መስመሮቹ ይለያያሉ። የእኔ መስመሮች ታዲያ ከዚያ በታች የማይገኝ ቮልቴጅ ሰጥቼ እንኳ ተለያዩ! ስለዚህ መንገዷ ማንም ሳይነካት፣ አርፋ በተቀመጠችበት፣ ውስጧ የራሷን ማግኔት ደብቃለች ማለት ነው። እንዲህ ያለ ነገር ከእኛ በፊት ያየ የለም ብለን አመንን። አማካሪዬ ዶክተር ፓድማጃ አቅፈው አነሱኝ፤ ከእኔ በቁመት ያንሳሉ፣ ግን አነሱኝ። አራት ወር ለካሁ፣ ጻፍኩ፣ ጽሑፉ ለመጽሔት ተላከ።

መብራቶቹ በሦስተኛው ሳምንት ተቃጥለው ጠፍተው ነበር። ሙኒራጁ ግን የፑጃ ጌጥ ጥሩ ቀን ሳይቆረጥለት አይወርድም አለ። እኔም ዕድል ያመጣልኝን ነገር ለማውረድ አልቸኮልኩም።

ከዚያ ሴሚናሩ መጣ። አዳራሹ ሞላ፣ እኔ አዲስ ሳሪ ለብሼ አቀረብኩ፣ ተጨበጨበ። ክቡርነታቸው ፊት ለፊት ተቀምጠው ሻያቸውን እያቀዘቀዙ ነበር። መነጽሩ ሲወርድ አየሁት።

«እናቴ» አሉኝ፣ ሽማግሌ ወጣት ሴትን እንደሚጠራው፣ «ቀስቅሰሽው ነው።»

«ሰር፣ የሰጠሁት ቮልቴጅ እኮ ከዚህ በታች አይወርድም።»

«አንቺ የሰጠሽውን አላልኩም። መንገዱ ጋ የደረሰውን ነው።»

«ታዲያ ከእኔ ሌላ ማን ሰጠው?»

«እኔ ምን አውቄ» አሉና ሻያቸውን ጠጡ።

ደሜ ፈላ። ይህችም ቃል ብትሆን ለሁሉም ነው የሚሏት፣ ከእኔ በፊት ለነበሩት ሃያ ተማሪዎች ብለዋታል። አዳራሹ ውስጥ ሲንሾካሾኩ ሰማሁ፤ አራት ወር የሠራሁት ሥራ በአንዲት የአፍ ልማድ ሲጠረጠር ቆሜ አየሁ። ከዚያች ቀን ጀምሮ የገባሁበት ፍለጋ እውነትን ፍለጋ እንዳይመስላችሁ። ሰውየውን ለማሳፈር ነበር።

አሥራ አንድ ቀን ሶኬት ስነቅል ኖርኩ። ፓምፑን አጠፋሁ፤ መስመሮቹ እንደተለያዩ ናቸው። የጣሪያውን መብራት፣ የጎረቤት ክፍል ኮምፒውተሮችን፣ የሙኒራጁን ሬዲዮ አጠፋሁ። ሊፍቱን አስቁሜ የሂሳብ ክፍል መምህራን አምስት ፎቅ በእግራቸው እየወጡ ስሜን ሲያነሱ ዋሉ። መስመሮቹ እንደተለያዩ ናቸው። በአሥረኛው ቀን ደስታዬ ወሰን አጣ። የነቀልኩትን ሁሉ ጽፌ፣ ግራፉን አያይዤ፣ ፊታቸው ላይ ልዘረጋው ተዘጋጀሁ።

በአሥራ አንደኛው ቀን የመደርደሪያውን ፎቶ ላነሳ ሄድኩ። የሞተው የመብራት ገመድ ለፎቶ ስላስጠላኝ ገፋ ላደርገው እጄን ከመደርደሪያው ኋላ ስሰድ፣ ገመዱ ኤሌክትሪክ የሚያገኝባት ትንሽዬ የፕላስቲክ ሳጥን እጄ ውስጥ ገባች። ሞቃለች። መብራቱ ከተቃጠለ ወራት አልፈውታል፤ ሳጥኗ ግን ከዚያ ጀምሮ አንድ ቀን አልተነቀለችም። ገመዷ መደርደሪያው ጀርባ ካለች የተደበቀች ሶኬት ላይ ስለተሰካ ዓይኔ ውስጥ ገብቶ አያውቅም።

ወዲያው ገባኝ። እዚያው እጄን እንደሰደድኩ ቆምኩ። ፎቶዬን አንስቼ መሄድ እችል ነበር። በነቀልኳቸው ዝርዝር ውስጥ የሌለች አንዲት የሞተች መብራት ማን ይጠይቀኛል? ክቡርነታቸው ራሳቸው መኖሯን አያውቁም። አራት ዓመቴ፣ ስሜ፣ የፓድማጃ ደስታ፣ ሁሉም እዚያች ሳጥን ላይ ነበር።

ነቀልኳት። ኮምፒውተሩ ላይ ሁለቱ መስመሮች እያየኋቸው ተቀራርበው ተቀራርበው አንዱ በሌላው ላይ ተኛ። ሳጥኗ በግድግዳው ሽቦ በኩል የማይታይ ፈጣን መንቀጥቀጥ እየላከች፣ እኔ በስሱ እነካታለሁ የምላትን መንገድ ወራት ሙሉ ስትደበድባት ኖራለች። ወለሉ ላይ ተቀምጬ አለቀስኩ። ሙኒራጁ መጣና ከአጠገቤ ቁጢጥ አለ።

«እናታችንን አስቀየምናት?» አለኝ።

«አይ ሙኒራጁ። አስጌጥናት።»

ዶክተር ፓድማጃ «ለመጽሔቱ ከመጻፍሽ በፊት ትንሽ እናስብበት» ቢሉኝም፣ ትንሽ ካሰብኩ እንደማልጽፈው ስላወቅሁ በዚያው ዕለት ጽሑፉን ከመጽሔቱ መልሼ የምስብበትን ደብዳቤ ጽፌ ላክሁ። ሁለት ቀን አላናገሩኝም። አልፈረድኩባቸውም።

አሁን ወደ ንዴቴ ልምጣ፤ እስካሁን የነገርኳችሁ መንደርደሪያ ነው። በሳምንቱ ተቋሙ ውስጥ ወሬው እንዴት ተወራ መሰላችሁ? «ቲማፓያ እኮ መብራቱን አገኙት!» ካፌ ስገባ ይህ ነው፣ ቤተ መጻሕፍት ስገባ ይህ ነው። «ከመቀመጫቸው ሳይነሱ!» «አንድ ጊዜ ግራፉን አይተው!» አዲስ ተማሪዎች ሲመጡ ታሪኩ ይነገራቸዋል፤ እኔ በታሪኩ ውስጥ ስሟ የማይነገር ሞኝ ተማሪ ነኝ። አሥራ አንድ ቀን ማን አቧራ ውስጥ እንደተንፈራፈረ የሚያነሳ የለም። ክቡርነታቸውም ሲሰሙ ራሳቸውን ግራ ቀኝ ወዝወዝ ከማድረግ በቀር አንድ ቃል አልተነፈሱም።

አንድ ቀን ኮሪደር ላይ ይዤ አቆምኳቸው።

«ሰር፣ መብራቱን ያገኙት እርስዎ ነዎት?»

«እኔ? አይደለሁም።»

«ታዲያ ለምን አይናገሩም? ሰው ሁሉ እርስዎ አገኙት እያለ እኮ ነው!»

«ተይው እናቴ። ወሬ ነው። ካልነካሽው ራሱ ይረጋል።»

ይረጋል! የእኔን ስም እንደ ሻይ ብርጭቆ ጠረጴዛ ላይ አስቀምጠው እስኪበርድ ሊጠብቁ! በዚያች ደቂቃ ይዤው የነበረው ፋይል ወፍራም ባለመሆኑ አምላክን ያመስግኑ። ከዚያ ወዲያ ኮሪደር ላይ ሳያቸው ደረጃ ቀይሬ እሄድ ነበር። ሰላምታ የሚሉት ነገር ቀረ።

የመመረቂያ ሥራዬን የሠራሁት በእልህ ነው። ተገፍታ ከሆነ መስመሮቿ የተለያዩት፣ እሺ፣ እኔው ራሴ ለክቼ እየጨመርኩ እገፋታለሁ አልኩ። ገፋኋት። ልዩነቱ ከግፊቱ ጋር እኩል እያደገ ሄደ፤ ስተዋት ወደ ምንም ተመለሰ። የዕድገቱ መጠን ደግሞ ኤሌክትሮኖቹ እርስ በርስ ምን ያህል እንደሚገፋፉ ይናገራል፤ መንገዷ አርፋ ስትቀመጥ ይህን ቃል ከአፏ አታወጣም። ክቡርነታቸው ሠላሳ አንድ ዓመት በዱላ የተገኘ ነው ብለው የጣሉትን ቃል እኔ ሦስት ምዕራፍ ጻፍኩበት። ሶኬቶቹን ሁሉ፣ የተደበቁትን ጨምሮ፣ በስማቸው ዘርዝሬ መጨረሻው ላይ አያያዝኩ።

ሥራዬን የምከላከልበት ቀን ደረሰ። ከፑኔ ከተማ የመጡት ፈታኝ ፕሮፌሰር ቢዴ ተጫዋች ሰው ናቸው፤ የእሳቸው ፊርማ ከሌለ አምስት ዓመት ተኩል ድካሜ ወረቀት ብቻ ነው። ክቡርነታቸው እንደ ልማዳቸው ሻያቸውን ይዘው ፊት ለፊት፣ ከፈታኙ አጠገብ ተቀምጠዋል። ለ«ቀስቅሰሽው ነው» የመልስ ንግግር አዘጋጅቼላቸው ነበር፤ አንድ ገጽ ተኩል፣ ጨዋ ሆኖ የሚያቃጥል። አቅርቤ ጨረስኩ።

«ጥሩ ሥራ ይመስላል» አሉ ፕሮፌሰር ቢዴ። «ግን ያንን የመብራት ነገር እኛም ፑኔ ድረስ ሰምተነዋል። ለመሆኑ ይህንንስ ፕሮፌሰር ቲማፓያ አይተውታል? ያን ጊዜ እሳቸው ባይደርሱልሽ ኖሮ...»

አዳራሹ ሳቀ። ዶክተር ፓድማጃ አንገታቸውን ደፉ። ያ ሁሉ ያዘጋጀሁት ንግግር አንድ ቃሉ ትዝ አላለኝም። ለዘላለም እሳቸው የደረሱላት ልጅ ሆኜ እንደምቀር፣ ምንም ብለካ ሌላ ሰው ካላየው እንደማይታመን፣ በዚያ ሳቅ ውስጥ ሰማሁት።

ወንበር ተንሸራተተ። ፕሮፌሰር ቲማፓያ ቆመዋል።

«አላየሁትም» አሉ።

ያዘጋጀሁትን ወረቀት አጠፍኩት።

«እሷ አይታዋለች። እኔ ደግሜ የማየው ምን ልሆን ነው?»

«አይ፣ ለጨዋታ ያህል ነው ፕሮፌሰር...»

«ጨዋታ አይደለም!» ጠረጴዛውን ሲመቱት ብርጭቆው ተገልብጦ ሻዩ የቢዴ ወረቀት ላይ ፈሰሰ። የእሳቸውን ድምፅ ከሹክሹክታ ከፍ ብሎ የሰማ ሰው በዚያ አዳራሽ ውስጥ አልነበረም። «መብራቱን እኔ አላገኘሁትም! መብራት መኖሩንም አላውቅ። ለሁሉም የምለውን ነው ያልኳት። ሠላሳ አንድ ዓመት ስለፈልፍ አንዴ ሆነልኝ፣ በቃ! አሥራ አንድ ቀን ሶኬት የነቀለችው እሷ ናት። ያገኘችው እሷ ናት። አግኝታም ደብዳቤውን የጻፈችው እሷው ናት። ትታው ብትሄድ ማን ያውቅባት ነበር? እኔ አላውቅም! አንተስ ታውቅባት ነበር?»

ፈታኜን አንተ አሏቸው። ከዚያ ወደ እኔ ዞሩ።

«ወሬው ይረጋል ብዬ ጠበቅሁ። ሁለት ዓመት ጠበቅሁ። አልረጋም። ጥፋቱ የእኔ ነው፣ እናቴ።»

ተቀመጡ። የፈሰሰውን ሻይ በመሃረባቸው መጥረግ ጀመሩ። ፕሮፌሰር ቢዴ እርጥቡን ወረቀት ገለል አደረጉና «እሺ ዶክተር ባርጋቪ» አሉ፣ ገና ሳልባል፣ «ሦስተኛውን ግራፍ እንደገና አሳዪን እስቲ።»

ላሳያቸው ብዬ ዞርኩ፤ ግራፉ ግን በእንባ ውስጥ አልታይ አለኝ። በዚያች ሰዓት ሽማግሌውን እንደ አባቴ ወደድኳቸው፣ ያም ራሱ አናደደኝ። ሁለት ዓመት እየቀለብኩ ያሳደግሁትን ቂም፣ አንድ ገጽ ተኩል አድርጌ ጽፌ ያዘጋጀሁትን፣ ሳያስፈቅዱኝ በአንድ ደቂቃ ነጠቁኝ። መብራቱን ይቅር ብያቸዋለሁ። ይህንን ግን ይቅር አልላቸውም።